መቋሚያና የኦርኬስትራ መሪ በትር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ርብን አልፎ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይቀጥላል። ሁለተኛው ግን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የፎገራን ሜዳ ይለቅና ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከዚያም በጋይንት አድርጎ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ ቻይናውያን መሐንዲሶች በጠጠርና በድልድይ ከማበጀታቸው ከብዙ ዘመን አስቀድሞ የዜማ ተማሪዎች በእግራቸው ያውቁት ነበር። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሜዳውን ሐይቅ ያደርጉታል፤ ተማሪው አኩፋዳውን ተሸክሞ፣ ለምዱን ደርቦ፣ ውሃው እስኪጎድል ከባላገሩ ዘንድ ቁራሽ እየለመነ ይቆያል፤ መስከረም ሲጠባ ዳገቱን ይያያዘዋል።

የተማሪው ጉዞ የቆየ ትውፊት አለው። የአገሩ ሊቃውንት እንደሚተርኩት ቅዱስ ያሬድ ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር በጣና ቂርቆስ ደሴት ተቀምጦ ካስተማረ በኋላ ወደ ጋይንት ወጥቶ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕትን ደረሰ። ጣና ቂርቆስ የሚገኘው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ አጠገብ ስለሆነ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚወጣ ሰው በፎገራና በደራ ሜዳ ማለፉ ግድ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ይህን በትውፊትነቱ ይቀበለዋል እንጂ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተጻፈ ማስረጃ አድርጎ አያቀርበውም። ይሁን እንጂ ከትውፊቱ ባሻገር በዓይን የሚታይ ነገር አለ። ዙር አምባ እስከ ዘመናችን የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆኖ ኖሯል፤ እዚያው ጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም ደግሞ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በሌላ አገር የተማረ የድጓ መምህር እንኳ ቤተልሔም ገብቶ ካላስመሰከረ ሙያው ሙሉ ሆኖ አይቆጠርለትም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። መሪ የሚያወጣ የዜማ ቤት ከጥንት ጀምሮ የነበራት አገር፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አንድ ወጣት የኦርኬስትራ መሪ ስታገኝ በመድረኩ ላይ ልታቆየው ያልቻለችው ስለ ምንድን ነው? ጉዳዩ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥቂት መስመር ባለቀ ነበር። ነገር ግን ሙዚቃን ማስተማር ሙያው ለሆነ ሁሉ የሚነካ ነገር ስላለበት ከሥሩ ጀምሮ ማየት ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዜማ ቤት መሪን በችኮላ አያወጣም። ተማሪው ውዳሴ ማርያሙን፣ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ከዚያም ድጓውን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ይቀጽላል። ግእዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን በጆሮው ይለያል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም እንዳደራጁት የሚነገረውን ምልክት ከፊደሉ አናት ላይ ማንበብ ይለምዳል። ድጓውንም በገዛ እጁ በብራና ላይ ይጽፋል። ይህ ሁሉ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ ጎረምሳ ሆኖ ገብቶ ጎልማሳ ሆኖ የሚወጣ ጥቂት አይደለም። አቋቋሙን ሊማር ጎንደር ሲወርድ ደግሞ ዝማሜውን፣ ቁሙን፣ መረግዱንና ጽፋቱን በእግሩና በእጁ ይማራል። በመጨረሻ መሪጌታ ተብሎ በማኅሌቱ መካከል ሲቆም ግራ ጌታው፣ ቀኝ ጌታውና ከበሮ መቺው የሚያደርጉትን ሁሉ አስቀድሞ ራሱ አድርጎታል። ከእርሱ የሚሰወር ድምፅ የለም።

አንዳንዶች መቋሚያውን ከኦርኬስትራ መሪ በትር ጋር ያመሳስሉታል። ከነዚህም አንዱ ታዋቂው የሙዚቃ ሊቅ ሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ የእርሱ ነገር ወደ ኋላ ይመጣል። ንጽጽሩ ያማረ ቢሆንም በከፊል ብቻ የሚያስኬድ ነው። መቋሚያ የሚይዘው መሪው ብቻ አይደለም፤ በማኅሌት የቆመው ደብተራ ሁሉ ይይዘዋል፤ በአንድነትም ያነሣዋል፣ ይጥለዋልም። መሪው የሚመራው ከሁሉ በፊት በድምፁ ነው፤ እርሱ ያነሣል፣ ተመሪው ይቀበላል። ስለዚህ መሪጌታውን ከዛሬው የኦርኬስትራ መሪ ይልቅ ከጥንቱ የአውሮፓ መሪ ጋር ማስተያየት ይበልጥ ወደ እውነቱ ያደርሳል።

በአውሮፓም ቢሆን ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ በቀጭን በትር የሚመራ ሰው የመጣው በቅርቡ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው። የፈረንሳይ ኦፔራ መሥራች የነበረው ሉሊ የሚመራው ወለሉን በረጅም ዘንግ እየደበደበ ነበር። በ1687 ንጉሡ ሉዊ 14ኛ ከሕመሙ በመዳኑ በቀረበው የምስጋና ዝማሬ ላይ በዚሁ ዘንግ የገዛ እግሩን ወጋ፤ ቁስሉም አመርቅዞ በዚያው ዓመት ገደለው። መረግድ ሲደርስ መቋሚያው መሬት ሲመታ ለሰማ የጎንደር ሰው የሉሊ ዘንግ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ እግራቸውን መጠበቃቸው ነው። ከሉሊ በኋላ በነበረው ዘመን ደግሞ ኦፔራ የሚመራው በአብዛኛው ከሃርፕሲኮርድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሃርፕሲኮርድ ፒያኖን የቀደመ ባለ ክር መሣሪያ ነው። ሄንደል በለንደን ኦፔራዎቹን የመራው እንዲህ ሆኖ፣ በጣቶቹ እየመታ፣ በራሱና በዓይኑ እያዘዘ ነው።

መሪው ከመሣሪያው ተነሥቶ ከቆመም በኋላ የኦፔራ መሪና የፒያኖ ዝምድና አልተቋረጠም። በኦፔራ ቤት ውስጥ ለዘፋኞቹ ድርሻቸውን በፒያኖ የሚያስጠና ሙዚቀኛ አለ። ኦርኬስትራው ገና ሳይሰበሰብ የቫዮሊኑን፣ የቀንደ መለከቱንና የከበሮውን ድርሻ ሁሉ በአሥር ጣቶቹ ጨምቆ ያሰማል፤ የዘፋኙን ትንፋሽ ይቆጥራል፤ የረሳውን ቃል ይሰጠዋል። ይህ ሰው ዓመታት ከሠራ በኋላ አንድ ቀን መሪው ሲቀር ወይም ተራው ሲደርስ በትሩ ይሰጠዋል። አካሄዱ ከዜማ ቤቱ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢው ራሱ ያየዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1912 በቡዳፔስት የተወለደው ጌኦርግ ሾልቲ ነው። በሃንጋሪ መንግሥት ኦፔራ በፒያኖ አስጠኚነት ሲያገለግል ቆይቶ፣ በመጋቢት 1938 ገና በ25 ዓመቱ የሞዛርትን የፊጋሮ ጋብቻ እንዲመራ ተፈቀደለት። አይሁዳዊ በመሆኑ ግን በዚያ ቤት የመሪነት ተስፋው በዚያው ተዘጋ፤ አገሩንም ለቆ ስዊስ ገባ። መድረክ ባጣባቸው በነዚያ የጦርነት ዓመታት ያኖረው ፒያኖው ነው፤ በ1942 በዤኔቭ የፒያኖ ውድድር አሸነፈ። በ1946 ደግሞ የሙኒክ ኦፔራ የሙዚቃ ኃላፊ አደረገው። ተሰጥኦው የራሱ ነው፤ ነገር ግን አንዱ በር ሲዘጋበት የሚያንኳኳው ሌላ የኦፔራ ቤት መኖሩን ልብ ማለት ያሻል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ዘመናዊው ሙዚቃ የገባው በቤተ መንግሥትና በጦር ሠራዊት በኩል ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የናስ መሣሪያዎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያዩዋቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከነመሣሪያቸው አዲስ አበባ አስመጡ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። እኒህ ሰው በደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ያደጉት ዮፍታሔ ንጉሤ ለጻፉት ግጥም ዜማ ሠርተው የዘውዱ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። የቅኔ ቤትና የኖታ ሰው በአንድ ሥራ ላይ ከተገናኙባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱንና የፖሊስን የሙዚቃ ጓድ አሠለጠኑ። በ1955 ለዘውዱ 25ኛ ዓመት በዓል በተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም (ኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው) ከኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር በኋላ ሙዚቃውን መሩ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1977 ድረስ፣ አያሌ ተጫዋቾችን አስተማሩ። ቴአትር ቤቱ ውብ አዳራሽ ነበረው፤ ዘፈንና ድራማ ያቀርብ ነበር። ኦፔራ ቤት ግን አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ዘፋኝ፣ ኅብረ ዝማሬና ኦርኬስትራ አንድ ላይ የሚያጠኑበት፣ ወጣት አስጠኚም ከፒያኖው ተነሥቶ መሪ የሚሆንበት ቤት በአገሪቱ አልተሠራም።

ፒያኖ ብቻውን ሙያተኛን ወዴት እንደሚያደርስ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት ያሳያል። እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ሲወለዱ የውብዳር ይባሉ ነበር፤ አባታቸው ትውልደ ጎንደሬው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊስ ለትምህርት ተልከው ሙዚቃ ተማሩ። በ1937 ከቤተ ሰባቸው ጋር በጣሊያን ተይዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ቫዮሊንና ፒያኖ አጠኑ። ለንደን ሄደው እንዲማሩ ዕድል ተገኝቶላቸው ሳለ የመሄጃ ፈቃድ ተነፈጋቸው። ከብዙ ኀዘን በኋላ ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ፒያኖ ኖሩ።

በ1960ዎቹ እማሆይ ጎንደር ተቀመጡ። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ፣ በቅጥሩ ሥር የሚያድሩና ለምነው የሚበሉ ወጣቶችን በየቀኑ ያዩ ነበር። እኒህ ማኅሌት የሚማሩ ተማሪዎች ናቸው፤ ምናልባትም ከእነርሱ አንዳንዱ ቤተልሔም ድጓውን አጠናቆ፣ በፎገራ ሜዳ አቋርጦ ለአቋቋም የመጣ ነበር። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በፒያኖአቸው ሊረዷቸው ቈረጡ፤ የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 ታተመ። በአውሮፓ ሥልት የተቀረጸ የፒያኖ ጥበብ የዜማ ቤትን ተማሪ ለማብላት ተነሣ ማለት ነው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እንዲህ በቀረበ ሁኔታ ሲገናኙ ከዚያ በፊት የታየ አይመስልም፤ የተገናኙትም በአንዲት መነኵሲት ቸርነት እንጂ በትምህርት ሥርዓት አይደለም። እማሆይ በ1984 ኢየሩሳሌም ገብተው እዚያው በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሁለቱን በሥርዓት ለማገናኘት ያሰቡት አሸናፊ ከበደ ናቸው። በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ ሄደው በሮቼስተር ከተማ ከሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1962 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ገብቶ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቈጠር ነበር። አገራቸው ሲመለሱ የተሰጣቸው ሥራ ግን ኦርኬስትራ መምራት አልነበረም፤ መሪም ተመሪም የሚወጣበትን ቤት ከመሠረቱ ማቆም ነበር። በ1963፣ በ25 ዓመታቸው፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኑ። ሾልቲ በዚሁ ዕድሜ የተዘጋጀ ቤት ውስጥ በትር ተቀብሏል፤ አሸናፊ በዚሁ ዕድሜ የቤቱን ማገር ሲያቆሙ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ስም በዘፈቀደ የወጣ አይደለም። ፒያኖና ቫዮሊን ከሚማርበት ክፍል ጎን ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና በገና ቦታ እንዲያገኙ ተደረገ። ዛሬ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን አዝማሪ የሚለው ቃል በብዙ ቤት ስድብ ነበር፤ ከጨዋ ቤተ ሰብ የተወለደ ልጅ መሰንቆ ይዞ ትምህርት ቤት ሲገባ ወላጆቹ ደስ አይላቸውም ነበር። መሰንቆን በመንግሥት ትምህርት ቤት ከቫዮሊን ጋር እኩል ማስቀመጥ ድፍረት የሚጠይቅ ፍርድ ነበር። እርግጥ ነው፣ በገና፣ ክራርና መሰንቆ በክፍል ሲገቡ ድጓው ከነመምህሩ አልገባም። የያሬድ ስም በበሩ ላይ ሲጻፍ፣ የያሬድ ሥራ በጋይንትና በጎንደር በጎጆ ውስጥ እንደ ቀድሞው መማሩን ቀጠለ። የቤቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስላል፤ ከ25 ዓመት ወጣት ይህንን ሁሉ መጠበቅ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሸናፊ መሪነቱንም አልተዉትም። በ1967፣ በ29 ዓመታቸው፣ የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ መሩ። በዚያው ዓመት ለዋሽንት ወገን ለሆነው ፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ባለ ክር መሣሪያ ለኮቶ የተጻፈ ኮቱራዥያ የተባለ ድርሰት ሠሩ። አንድ ኢትዮጵያዊ ከሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ሲመራ መታየቱ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ይህ የሆነው በሌላ አገር ነው፤ መድረኩም፣ ተጫዋቾቹም፣ ለብዙ ትውልድ የተጠራቀመው ልማድም የሌላ ነው። አዲስ አበባ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የጀማሪዎች ክፍልና የዲሬክተር ጠረጴዛ ነበር። ከመሪ በትር ይልቅ የደብዳቤ ማኅተም የበዛበት ሥራ ምን እንደሚመስል በትምህርት ቤት አስተዳደር ያለፈ የሙያ ባልደረባ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1968 ዲሬክተርነቱን ትተው እንደገና አሜሪካ ሄዱ። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1971 በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ በጻፉት ጥናት የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሆነ፤ በኒው ዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ አስተማሩ። ስለ ሥራቸው የሚጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በእነዚህ ማዕርጎች ላይ ነው። የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ሊቁ በስደት የጻፉበት ጉዳይ ነው። በ1975 በታወቀ የሙዚቃ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አዝማሪ ጻፉ፤ በ1977 ስለ ክራር፤ በ1980 ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያኖችና ቤተ እስራኤል ቅዱስ ዜማ። ኦርኬስትራ ሊመሩ የሠለጠኑት ሰው ብዕራቸውን ያነሡት በጎንደርና በፎገራ ሠርግ ቤት መሰንቆውን በአንገቱ አንግቶ ስለሚቆመው ሰው ነበር።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አዝማሪው ገጣሚ ነው፣ ዘፋኝ ነው፣ ተጫዋች ነው፤ የተሰበሰበውንም ሰው የሚመራው እርሱ ነው። ከታዳሚው አንዱ ግጥም ሲነግረው ወዲያው ተቀብሎ ከዜማው ጋር ያዋድደዋል፤ የሙሽራውን ወገን ያወድሳል፤ ንፉጉን በሰምና ወርቅ ይነካል። መድረክ፣ መጋረጃና የተቀጠረ ኦርኬስትራ አያስፈልገውም፤ የፈረስ ጭራ አንዲት ክር ትበቃዋለች። ሥራው በሌላ ሰው መዋቅር ላይ የማይመሠረት ሙያተኛ ነው። ዶክተር አሸናፊ መድረክ ካጡ በኋላ ያለ መድረክ የሚኖረውን ሰው ማጥናታቸው ልብ የሚነካ ነው።

ያቆሙት ቤት ግን ጸና። የያሬድ ትምህርት ቤት በሥርዓት ለውጥ መካከል አልፎ ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለለ። በልጅነቱ ክራር ይጫወት የነበረው ግርማ ይፍራሸዋ በ16 ዓመቱ ፒያኖን ያገኘው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወደ ሶፊያ ሄዶ ትምህርቱን አጠናቀቀ፤ ተመልሶም በዚያው ትምህርት ቤት አስተማረ። በፒያኖ የአምባሰልን ቅኝት ሲያሰማ፣ አሸናፊ በ1963 በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኙት ክራርና ፒያኖ በአንድ ሰው እጅ ውስጥ ተገናኝተው ይሰማሉ።

ኦፔራውን የደረሰው ሌላ የኪቦርድ ሰው ነው። በ1943 በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ በቫይብራፎን፣ በፒያኖና በኦርጋን የኢትዮ ጃዝን ሥልት የፈጠረ ነው። ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ተቋም ተመራማሪ ሆኖ ሲሠራ ክራርን ለማሻሻል ይጥር ነበር፤ ጎን ለጎንም የያሬድ ኦፔራ ብሎ የሰየመውን ድርሰት ጀመረ። ታሪኩ የጣና ቂርቆስና የዙር አምባ ትውፊት ባለቤት የሆነው ሊቅ ነው። የድርሰቱ አንድ ክፍል በ2008 በዚያው በሃርቫርድ ለሕዝብ ተሰማ። ይህ ሲሆን ዶክተር አሸናፊ በፍሎሪዳ፣ በታላሃሲ ከተማ፣ በ60 ዓመታቸው ካረፉ ዐሥር ዓመት ያህል ሆኖ ነበር፤ በቤተልሔምም በዚያ ዓመት እንደ ወትሮው ድጓ ይቀጸል ነበር።